በግ የሰረቀ ሰው መዝገብ

ከ1788 እስከ 1868 ድረስ (ዘመኑ ሁሉ እዚህ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ብሪታንያ ወደ 162,000 የሚጠጉ ፍርደኞችን በመርከብ ጭና ወደ አውስትራሊያ አግዛለች። መርከቦቹ 806 ነበሩ። ለ80 ዓመት ሲካፈል በየ36 ቀኑ አንድ መርከብ፣ በመርከብ ደግሞ 200 ሰው ያህል ይደርሳል። ከግዞተኞቹ 40,000 ገደማ የሚሆኑት የተጫኑት ከአየርላንድ ወደቦች ነው። የመጀመሪያዋ መርከብ «ኩዊን» በኤፕሪል 1791 ከኮርክ ተነሥታ ሴፕቴምበር 26 ቀን ሲድኒ ገባች።

መንገዱ ወደ 24,000 ኪሎ ሜትር ነው። በኋላ ዘመን ባለሸራዋ መርከብ ሌት ተቀን እየተጓዘች በአራት ወር ግድም ትጨርሰዋለች። በቀን 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ እግረኛ እሑድም በዓልም ሳይል ቢጓዝ ያንኑ ርቀት ለመጨረስ 800 ቀን ይፈጅበታል። ፍርዱ ብዙውን ጊዜ 7 ዓመት፣ አለዚያ 14 ወይም ዕድሜ ልክ ነበር። ሰባቱን ዓመት ለጨረሰው ግን የመመለሻውን ዋጋ የሚከፍልለት አልነበረም፤ በግ ሰርቆ የተጋዘ ድሃ ደግሞ ከራሱ ኪስ ሊከፍል አይችልም። በወረቀት ላይ የተለያዩት የ7 ዓመትና የዕድሜ ልክ ፍርዶች ለአብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ይገናኛሉ።

ሰባት ቤት መቁጠር ለለመደ አንባቢ ቀጣዩ ሒሳብ እንግዳ አይሆንም። ዛሬ ያለ አንድ የግዞተኛ ዘር አውስትራሊያዊ ስድስት ትውልድ ወደ ላይ ሲወጣ 64 ሰዎች ያገኛል። ከ64ቱ መካከል መልኩ ሳይቀር ተጽፎ የሚገኘው፣ በአብዛኛው፣ ወንጀለኛው ነው።

ታዝማኒያ በዚያን ጊዜ ቫን ዲመንስ ላንድ ትባል ነበር፤ ከ70,000 በላይ ግዞተኞች ወርደውባታል። ግዞተኛው ሲደርስ ጫማውን አውልቆ ቁመቱ እስከ ሩብ ኢንች ድረስ ይለካል። የፊት ቅርጽ፣ ግንባር፣ ቅንድብ፣ ዓይን፣ አፍንጫ፣ አፍ፣ አገጭ ለየብቻቸው መስመር አላቸው። ጠባሳው የት እንዳለ፣ ንቅሳቱ ምን እንደሚል፣ የተወለደበት አውራጃ፣ ሙያው፣ የጥፋቱ ዓይነት፣ ከዚያም በቅኝ ግዛቱ ሰክሮ የተያዘባቸውና ከጌታው ቤት የጠፋባቸው ቀኖች ይከተላሉ። ጸሐፊዎቹ ይህን ሁሉ የጻፉት ለዘር ቆጣሪ አስበው አይደለም፤ የጠፋ ሰው ቢፈለግ እንዲታወቅ ነው። ስሙ ብቻውን አይበቃም፤ ከአየርላንድ የመጡ ሜሪ ራያኖችና ጆን ኬሊዎች እጅግ ብዙ ነበሩ። ስለዚህ ከስሙ ጎን ያመጣችው መርከብ ስም ይጻፋል፤ ሲያገባም ሲታሰርም ሲፈታም የመርከቧ ስም አብሮት ይዞራል። ዛሬም ፍለጋው የሚጀምረው ከመርከቧ ነው። ዩኔስኮ በ2007 የአውስትራሊያን የግዞተኞች መዛግብት በዓለም የመታሰቢያ መዝገብ ውስጥ አስገብቷል።

አየርላንድ የቀረው የግዞተኛው ወንድም ጉዳይ ግን ሌላ ነው። በ1841 የአየርላንድ ሕዝብ 8,175,124 ነበር፤ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ የድንቹ ረሃብ ካለፈበት ወዲያ፣ 6,552,385 ሆነ። እነዚህ ድምሮች ቀርተዋል፤ የተደመሩት ስሞች ግን በአመዛኙ የሉም። ጁን 30 ቀን 1922 በአየርላንድ የእርስ በርስ ጦርነት መጀመሪያ የደብሊን ቤተ መዛግብት በፍንዳታና በእሳት ሲወድም የ1821፣ የ1831፣ የ1841 እና የ1851 የቆጠራ ቅጾች ከጥቂት ቅሪት በቀር አብረው ነደዱ። የ1861 እና የ1871 ቅጾች ከዚያ በፊት መንግሥት ራሱ አስወግዷቸዋል። የ1881 እና የ1891 ደግሞ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለወረቀት ሲባል ተቦክተዋል። ሙሉ ሆኖ የተረፈው የመጀመሪያው ቆጠራ የ1901 ነው። በደብሊን ቤተ መንግሥት ተቀምጦ የነበረው የግዞት መዝገብ ግን ከ1836 ወዲህ ያለው አለ፤ አየርላንድ በ1988 ቅጂውን ለአውስትራሊያ በስጦታ ሰጥታለች።

በልጆቹም ላይ ልዩነቱ ይቀጥላል። ቫን ዲመንስ ላንድ ልደትን፣ ጋብቻንና ሞትን በመንግሥት መዝገብ መጻፍ የጀመረችው በዲሴምበር 1838 ነው። አየርላንድ የሁሉንም ዜጎቿን ልደት መመዝገብ የጀመረችው በ1864 ነው። በ1845 በቫን ዲመንስ ላንድ ሆባርት የተወለደ የበግ ሌባ ልጅን መንግሥት ያውቀዋል፤ በዚያው ዓመት በአየርላንድ ቲፐራሪ የተወለደው የአጎቱ ልጅ ያለው ማስረጃ የደብሩ ቄስ የጻፉት የጥምቀት መዝገብ ብቻ ነው፤ እሱም ከእርጥበትና ከአይጥ ከተረፈ።