ከክትክታው ዛፍ ሥር

ነቢዩ ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ ጸልዮ እሳት ከሰማይ ያወረደ ታላቅ ነቢይ ነው። ይሁን እንጂ በ1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 19 ተጽፎ እንደምናገኘው፣ ኤልዛቤል ልትገድለው መዛቷን በሰማ ጊዜ ሸሸ። ብላቴናውን በቤርሳቤህ ትቶ የአንድ ቀን መንገድ ወደ ምድረ በዳ ገባ፤ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦም ሞትን ለመነ።

እግዚአብሔር ምን አደረገለት? አልገሠጸውም፤ የትናንቱን ተአምር እንዴት ረሳህ ብሎም አልወቀሰውም። አስቀድሞ እንዲተኛ ተወው። ከዚያም መልአኩን ልኮ እንጎቻና ውኃ በራስጌው አኖረለት። በልቶ ጠጥቶ ዳግመኛ ቢተኛ፣ መልአኩ ተመልሶ ቀሰቀሰው፤ የሚጠብቀው መንገድ ሩቅ ነበርና። በዚያ ምግብ ኃይል 40 ቀንና 40 ሌሊት ተጉዞ ኮሬብ ደረሰ። «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» ተብሎ የተጠየቀው እንኳ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ውድ ምእመናን፣ ብዙዎቻችን ተስፋ ስንቆርጥ እግዚአብሔር የተቀየመን ይመስለንና ከጸሎት እንርቃለን፤ የንስሓ አባታችንንም ለማየት እናፍራለን። ኤልያስ ግን ምሬቱን ሳይደብቅ በፊቱ አፈሰሰ፤ ያም ጸሎት ሆኖ ተቆጠረለት። የለመነው ሞት ግን አልተሰጠውም፤ ኋላ በእሳት ሠረገላ ወደ ሰማይ ተወሰደ እንጂ።

በኮሬብም ብቻዬን ቀረሁ ላለው ነቢይ፣ ለበኣል ያልሰገዱ 7,000 ሰዎች እንዳሉ ነገረው፤ ኤልሳዕንም በእርሱ ፈንታ ነቢይ ይሆን ዘንድ እንዲቀባው አዘዘው።