ያለ ፕሮግራም ዕውቀት የስልክ መጠይቅ ስለ መሥራት
(ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ጥናት)

ለጥናት ወደ ጋይንት፣ ወደ ስማዳና ወደ እስቴ የሚወርድ ተማሪ ለብዙ ዘመን የያዘው የተባዛ የወረቀት መጠይቅ ነበር። ወረቀቱ ከነፋስ መውጫ ደጋ እስከ በሽሎ ቆላ ሲጓዝ ዝናብ ያገኘዋል፤ መልሱም ወደ ኮምፒዩተር ሲገለበጥ ስሕተት ይገባበታል። ዛሬ የፕሮግራም ቋንቋ ያልተማረ ሰው ይህንኑ መጠይቅ በስልክ የሚሠራ አፕ ሊያደርገው ይችላል። በዚህ ጽሑፍ አሠራሩን በአጭሩ ከገለጽን በኋላ፣ ብዙ ጥንቃቄ የሚያሻው ጥያቄውን ማዘጋጀቱ መሆኑን ለማሳየት እንሞክራለን።

ከታወቁት መንገዶች ሁለቱን እንጥቀስ። አንደኛው አፕ ኢንቬንተር ነው። ይህም እ.ኤ.አ. በ2010 በጉግል ወጥቶ በ2012 ወደ ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተዛውሯል። ሠሪው ቁልፍና የጽሑፍ ሣጥን በገጹ ላይ ያስቀምጣል፤ ከዚያም «ቁልፉ ሲነካ ይህን አድርግ» የሚሉ ባለ ቀለም ቁርጥራጮችን እያገጣጠመ ሥራውን ያዛል።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2008 በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ኦፕን ዴታ ኪት ነው። በዚህ ሠሪው የሚያዘጋጀው የኤክሴል ሠንጠረዥ ነው። በአንዱ ዓምድ የጥያቄውን ዓይነት፣ ማለት ቁጥር፣ ምርጫ፣ ቀን ወይም ፎቶግራፍ መሆኑን ይጽፋል፤ በሌላው መለያ ስሙን፣ በሦስተኛው በአማርኛ የሚነበበውን ቃል ያሰፍራል። በሌሎች ዓምዶች የትኛው ጥያቄ ግዴታ እንደ ሆነና የትኛው እንደሚዘለል ይወስናል። መልሱ ኔትዎርክ በሌለበት ቀበሌ በስልኩ ውስጥ ተቀምጦ ይቆይና ሰብሳቢው ወገዳ ወይም መካነ ኢየሱስ ሲደርስ ሊላክ ይችላል።

አሠራሩ በአገራችን ተፈትኗል። ዓለም አቀፉ የትራኮማ ካርታ ሥራ በታኅሣሥ 2005 ዓ.ም. በኦሮሚያ የተጀመረው በኦፕን ዴታ ኪት ላይ በተመሠረተ የአንድሮይድ አፕ ነበር። እስከ ጥር 2008 ዓ.ም. ድረስ በ29 አገሮች 2.6 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ተመርምረዋል።

ይሁን እንጂ ወረቀት ኅዳግ አለው፤ በአፕ ግን ሠሪው ያላሰበው መልስ የሚጻፍበት ቦታ የለም። ለምሳሌ ተማሪው በስማዳ አንዲትን እናት ዕድሜያቸውን ይጠይቃል እንበል። እርሳቸውም «በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ የአንድ ልጅ እናት ነበርሁ» ይላሉ። አፑ ቀን፣ ወርና ዓመት ካልተሞላ የማያሳልፍ ከሆነ፣ ሰብሳቢው ቀን ፈጥሮ ይሞላል፤ አለዚያም ቤቱን ይዘላል። በዚህ ላይ የቀኑ ጥያቄ በፈረንጅ አቆጣጠር ከተከፈተ የሰባትና የስምንት ዓመት ስሕተት ይጨመራል። ኦፕን ዴታ ኪት በሠንጠረዡ አንድ ቃል ሲጨመርበት ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ያሳያል፤ ግን ይህን ማዘዝ የሠሪው ፈንታ ነው።

የመሬቱ ጥያቄ ደግሞ ይብሳል። ጥማድ አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው መሬት ስለ ሆነ፣ በአማካይ የሄክታር ሩብ ያህል ቢባልም በተዳፋትና በሜዳ እኩል አይደለም። አፑ በሄክታር እየጠየቀ ሙሉ ቁጥር ብቻ የሚቀበል ከሆነ፣ ሁለት ጥማድ ያለው ገበሬ ወይ 0 ወይ 1 ሆኖ ይመዘገባል፤ ማለት መሬት የለሽ ይሆናል ወይም መሬቱ እጥፍ ይሆናል። እንደ ታች ጋይንትና ስማዳ ሴፍቲኔት በሠራባቸው ወረዳዎች እንዲህ ያለ ቁጥር ለርዳታ ምርጫ ቢውል፣ የቸገረው ቤተ ሰብ ያለው መስሎ ሊቀር ይችላል።

ስለዚህ ለባልንጀሮቻችን የምናሳስበው ይህን ነው። መሬት በጥማድ ይጠየቅ፤ ወደ ሄክታር መለወጡ ኋላ ይደረግ። በየጥያቄው «አይታወቅም» የሚል ምርጫ፣ በመጨረሻም እንደ ወረቀቱ ኅዳግ የሚያገለግል ነጻ የጽሑፍ ቦታ ይኑር። መጠይቁ ከመሰራጨቱ በፊት በደጋውም በቆላውም በጥቂት ቤቶች ይሞከር፤ የአገሩ ተወላጅም አብሮ ይመልከተው። ሠንጠረዡን አንድ ሰው በአንድ ቀን ሊያዘጋጀው ይችላል፤ ለዚህ ሙከራ ግን ከዚያ የበለጠ ጊዜ ሊመደብለት ይገባል።