የቡሬ ፋብሪካዎችና የሚለቁት ውሃ

በምዕራብ ጎጃም የቡሬ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ተመርቋል። ነጋዴው ስለ እህሉ ዋጋ አጥብቆ ይጠይቃል፤ ስለሚወጣው ውሃ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ነገሩ ቀላል አይደለም።

የምግብ ዘይት የሚያጣራ ፋብሪካ በሚለቀው ውሃ ውስጥ ቅባት ይገኛል። ቅባቱ በውሃው ፊት ተንሳፎ አየር ይከለክላል፤ የቀረውም ዝቃጭ ሲበሰብስ ኦክሲጅኑን ይጨርሳል። የባላገሩ ከብት የሚጠጣው ደግሞ ከወንዝ ነው፤ የአገሩም ወንዝ መድረሻው ዓባይ ነው።

መላው ከትንሽ ከተማ አቅም በላይ አይደለም። አስቀድሞ ቅባቱ ተገፎ ይወጣል፤ ከዚያም ውሃው በተከታታይ ኩሬዎች ለሳምንታት ሲቆይ ፀሐይና ረቂቃን ሕዋሳት ያጠሩታል። ይህ ዘዴ ሰፊ መሬት ይሻል እንጂ ብዙ ኤሌክትሪክ አይፈጅም። ዝቃጩ በየጊዜው ካልተጠረገ ግን ኩሬው ይደፈናል፤ ስለዚህ የጠራጊው ደመወዝ ከሕንፃው ወጪ ጋር አብሮ ሊመደብ ይገባዋል።