የወባዋ ካርድ ዲኤንኤ አታነብም

ጅግጅጋ ላብራቶሪ ውስጥ ስለምሠራ ይህን ጥያቄ ደጋግሜ እሰማለሁ፦ «በጣት ደም የምትሠራዋ ፈጣን መመርመሪያ የወባውን ዲኤንኤ ታያለች አይደል?»

አታይም። የምታየው ተህዋሲው የሚያመነጨውን ፕሮቲን ነው፤ ብዙ ጊዜ ኤችአርፒ2 የሚባለውን። ጣጣውም እዚህ ላይ ነው። አገራችን ውስጥ የዚህ ፕሮቲን ጂን የጎደላቸው የፋልሲፓረም (የአንዱ የወባ ዓይነት) ተህዋስያን ተገኝተዋል። ሰውዬው ታሞ ካርዷ «የለም» ልትል ትችላለች።

ዲኤንኤውን ራሱን የሚፈልጉት ባዮሴንሰሮች ሌላ ናቸው። ክሪስፐር በሚባለው የጂን መሣሪያ የሚሠሩት የተፈለገውን ቅደም ተከተል ሲያገኙ ምልክት ይሰጣሉ፤ ማሽን ለርኒንግ (ከመረጃ የሚማር የኮምፒውተር ፕሮግራም) ደግሞ ደካማውን ምልክት ለመለየት ያግዛል። ያልሠለጠነበት ናሙና ሲገጥመው ግን ይሳሳታል፤ አስማት አይደለም።

ይህ ሁሉ የከተማ ነዋሪንም ይመለከታል፦ በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያ የምትራባው የወባ ትንኝ አኖፌለስ ስቴፈንሲ በኢትዮጵያ መጀመሪያ የተገኘችው በ2016 እ.ኤ.አ. ቀብሪደሃር ነው፤ ኋላ ጅግጅጋም ተገኘች። ስለዚህ ካርዷ «የለም» ብላም ትኩሳቱ ካልለቀቃችሁ የማይክሮስኮፕ ምርመራ ጠይቁ። ያልገባችሁን ከታች ጻፉልኝ።