ኮምፒውተር ሞደሙን አላይ ሲል፦ አዲስ ከመግዛት በፊት ምን መፈተሽ አለበት?

ወልድያ፦ በወልድያ፣ በመርሳ እና በሀብሩ ወረዳ የገጠር ቀበሌዎች መደበኛ የኢንተርኔት መስመር ላልገባላቸው ቤቶች እና ሱቆች፣ ኮምፒውተር ላይ የሚሰካው የዩኤስቢ ሞደም ከአማራጮቹ አንዱ ነው። በተለምዶ "ዶንግል" ይባላል።

የምዝገባ ወይም የማመልከቻ ቀን ሊያልፍ ሲል ሞደሙ ተሰክቶ ኮምፒውተሩ ዝም ካለ፣ ብዙዎች ተቃጥሏል ብለው አዲስ ለመግዛት ይነሣሉ። ከጊራና ወይም ከሲሪንቃ ለሚነሣ ሰው ይህ ከዕቃው ዋጋ በላይ የመጓጓዣ ወጪ እና የአንድ ቀን ሥራ ያሳጣል። ይሁን እንጂ "አልታይ ያለ" ሞደም ሁሉ የተበላሸ አይደለም።

መጀመሪያ የሚታየው ኃይል ነው። በሞደሙ ላይ ያለው መብራት ካልበራ ወይም በርቶ ከጠፋ፣ መሰኪያውን መቀየር ይገባል። የተለመደው ዩኤስቢ 2.0 መሰኪያ የሚሰጠው እስከ 500 ሚሊ አምፒር ነው፤ ማከፋፈያ ወይም ረጅም ማስቀጠያ ገመድ ሲጨመር ለሞደሙ የሚደርሰው ኃይል ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ በቀጥታ መሰካት፣ በዴስክቶፕ ኮምፒውተር ደግሞ ከኋላ ያለውን መሰኪያ መሞከር ይመረጣል። አቧራ ካለም በደረቅ ጨርቅ ይጸዳል።

ሁለተኛው ኮምፒውተሩ ሞደሙን ምን ብሎ እንደሚያየው ማጣራት ነው። ብዙ ሞደሞች የራሳቸውን መጫኛ ሶፍትዌር በውስጣቸው ስለሚይዙ፣ ሲሰኩ መጀመሪያ ራሳቸውን እንደ ሲዲ ያሳያሉ። ሶፍትዌሩ ከተጫነ በኋላ ነው ወደ ሞደምነት የሚለወጡት። ሲዲው ታይቶ ሞደሙ ካልታየ ዕቃው ሕይወት አለው፤ የጎደለው ሶፍትዌሩ ነው። ሲዲውን ከፍቶ መጫን፣ ከዚያም ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማብራት ያስፈልጋል። በውስጡ ያለው ሶፍትዌር አሮጌ ሆኖ ከአዲሱ ዊንዶውስ ጋር ካልተስማማ፣ ከአምራቹ ድረ ገጽ ብቻ በስልክ አውርዶ በገመድ ማስተላለፍ ይቻላል።

በ"ዲቫይስ ማናጀር" ውስጥ ቢጫ የቃል አጋኖ ምልክት ከታየ፣ ያንን መሣሪያ ከዝርዝሩ አስወግዶ ሞደሙን ነቅሎ መልሶ መሰካት ይረዳል። አንዳንድ የሁዋዌ ሞደሞች ደግሞ እንደ ኔትወርክ ካርድ ስለሚታዩ፣ ሞደም የሚል ስም አለመታየቱ ብልሽት አይደለም፤ በአሳሹ 192.168.8.1 ብሎ ገጻቸውን መክፈት ይቻላል። በመሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮች የዩኤስቢ መሰኪያ ሆን ተብሎ ሊዘጋ ስለሚችል ባለሙያውን መጠየቅ ይገባል።

ሲም ካርድ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ሒሳብ ማለቁ ኢንተርኔትን ያቋርጣል እንጂ ኮምፒውተሩ ሞደሙን እንዳያይ አያደርግም፤ ስለዚህ ሞደሙ ሳይታይ ካርድ መሙላት ችግሩን አይፈታም። ሞደሙ ታይቶ ኢንተርኔት ከሌለ ግን ሲሙን ስልክ ውስጥ አስገብቶ መሞከር ያስፈልጋል። የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ በ*804# ሒሳቡን ማየት፣ በ994 ደውሎም መጠየቅ ይችላል።

ወሳኙ ፈተና ሞደሙን በሌላ ኮምፒውተር መሞከር ነው። እዚያ ከሠራ ችግሩ የመጀመሪያው ኮምፒውተር ነው። በሁለቱም መብራቱ ካልበራ፣ ሲዲውም ካልታየ፣ ያን ጊዜ ወደ ጥገና መውሰድ ወይም መቀየር ተገቢ ይሆናል። ቀነ ገደብ የያዘው ሰው እስከዚያው የስማርት ስልኩን ኢንተርኔት በሆትስፖት ወይም በገመድ ለኮምፒውተሩ አጋርቶ ጉዳዩን መጨረስ ይችላል።