የጎደለው ናይትሮጅን የት ገባ?

በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ፣ በሮድ አይላንድ ግዛት፣ የወንዝ ውኃ ከአትላንቲክ ጨዋማ ውኃ ጋር የሚቀላቀልበት የናራጋንሴት ባሕረ ሰላጤ አለ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ስኮት ኒክሰንና ባልደረቦቹ ትኩረታቸውን ወደዚህ ባሕር ወለል አዞሩ። ውኃው ውስጥ የሚያድጉት ጥቃቅን ዕፅዋት ሲሞቱ ሰምጠው ደለሉ ላይ ይበሰብሳሉ። ከዚያስ?

ተመራማሪዎቹ ከሥሩ ክፍት የሆነ ዕቃ ደለሉ ላይ ደፍተው፣ ውስጡ የቀረውን ውኃ እየቀዱ መረመሩ። ከደለሉ ናይትሮጅን ያለበት አሞኒየምና ፎስፈረስ ያለበት ፎስፌት ይወጣል፤ ውኃው ሲሞቅ ደግሞ መጠኑ ይጨምራል። የሞተው ነገር ለአዲስ ዕፅዋት ምግብ ሆኖ ይመለሳል ማለት ነው።

ሒሳቡ ግን አልገጥም አለ። አልፍሬድ ሬድፊልድ ቀደም ብሎ እንዳሳየው፣ በእነዚህ ዕፅዋት አካል ውስጥ ለ1 የፎስፈረስ አቶም ወደ 16 የናይትሮጅን አቶሞች ይገኛሉ። ከደለሉ የሚመለሰው ናይትሮጅን ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ሆነ።

ጥርጣሬው በባክቴሪያዎች ላይ አረፈ፤ ናይትሮጅኑን ወደ ጋዝነት ለውጠውት ይሆናል። ይህን ማረጋገጥ ግን ከባድ ነበር። ከአየሩ 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ውኃውም በእሱ የተሞላ ነው። ከደለሉ የሚወጣው ጥቂት ጋዝ በዚያ ሁሉ መሐል እንዴት ይለያል?

መላውን ያገኘችው በሮድ አይላንድ ዩኒቨርሲቲ ስታጠና የነበረችው ሲቢል ሳይትዚንገር ናት። ደለሉን አየር በማያስገባ የመስታወት ዕቃ ውስጥ አኖረች፤ በአየሩ ፋንታም ሂሊየምና ኦክስጅን ሞላች። ደለሉ ውስጥ ቀድሞ የነበረው ናይትሮጅን ተንጠፍጥፎ እስኪያልቅ ለቀናት ጠበቀች። ከዚያ በኋላም ናይትሮጅን መውጣቱን አላቆመም፤ ይህ እዚያው ደለሉ ውስጥ የተፈጠረ ነው። ከኒክሰንና ከሌሎች ጋር እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመችው ጥናት፣ ደለሉ ውስጥ ከሚብላላው ናይትሮጅን 35 በመቶ ያህሉ ጋዝ ሆኖ እንደሚሄድ ታወቀ።

ሥራው የሚከናወነው በስስ ንጣፍ ላይ ነው። ኦክስጅን በሚደርሰው የላይኛው ደለል አንዳንድ ባክቴሪያዎች አሞኒየሙን ናይትሬት ያደርጉታል፤ ኦክስጅን በሌለበት ከሥሩ ደግሞ ሌሎቹ ናይትሬቱን ወደ ጋዝ ይለውጡታል። የባሕር ዳርቻ ውኃ ብዙ ጊዜ ናይትሮጅን የሚያጥረው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው፤ ከከተማ ፍሳሽ ጋር የሚገባው ናይትሮጅን ዕፅዋቱን ያለ ልክ የሚያበዛውም እጥረቱን ስለሚሞላ ነው።

አደጋውም እዚህ ላይ ነው። የበዙት ዕፅዋት ሞተው ሲበሰብሱ የወለሉን ኦክስጅን ይጨርሳሉ። ያን ጊዜ ናይትሬት መሠራቱ ይቆማል፤ አሞኒየሙም ሳይቀነስ ወደ ውኃው ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2003 የዚሁ ባሕረ ሰላጤ ክፍል በሆነው በግሪንዊች ቤይ ኦክስጅን አልቆ ዓሣ በገፍ አለቀ። ከዚያ በኋላ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያዎች የሚለቁትን ናይትሮጅን እንዲቀንሱ ተደረገ።

ደለል ውኃን በነፃ ያጣራል፤ አቅሙ ግን ኦክስጅን እስካገኘ ድረስ ብቻ ነው። ስለዚህ ባሕርን እንጠብቅ የሚል ሁሉ ጥበቃውን ከፍሳሹ ቱቦ መጀመር አለበት።