ወደ ቢሾፍቱ ሐይቆች፤ በሚኒባስና በእግር

ቢሾፍቱን የማያውቅ አዲስ አበቤ የለም፤ ቢሾፍቱን በእግሩ የዞረ ግን ጥቂት ነው። አብዛኛው ሰው በመኪና ይሄዳል፣ ሐይቅ ዳር ካለ ሎጅ ይገባል፣ በረንዳ ላይ ተቀምጦ የዓሣ ጥብሱን ይበላል፣ ፎቶ ተነሥቶ ይመለሳል። ሐይቅ አላየም አልልም። ያየው ግን አንዱን ሐይቅ ነው፣ ያውም ከአንድ ወገን። መኪና ያቆመ ሰው የትም ዞሮ ወደ መኪናው መመለስ አለበት። በሚኒባስ የመጣ ይህ ዕዳ የለበትም፤ በባቦጋያ ገብቶ በሆራ ይወጣል። ሁለቱ ሐይቆች ጎረቤታሞች ናቸው፣ የሚለያቸውን ከፍታ በእግር መሻገር ይቻላል፣ በየትኛውም ጫፍ ባጃጅ አይጠፋም። እነዚህ ሐይቆች የመኪና ሳይሆኑ የእግረኛ ናቸው የምለው ለዚህ ነው።

አካሄዱ ቀላል ነው። ከቃሊቲ መናኸሪያ ሚኒባስ ወይም ሃይገር ይያዛል፤ ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ መሐል 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በነባሩ መንገድ የሚሄደው ዱከም ላይ ሰው እያወረደና እየጫነ ትንሽ ያዘግማል። ከተማው ሲደርሱ ለባጃጅ ሾፌር «ባቦጋያ» ማለት በቂ ነው። ውሃ፣ ኮፍያ፣ የማያንሸራትት ጫማ። በቃ።

ብዙ ሰው እነዚህን ሐይቆች ወንዝ የሞላቸው ጉድጓዶች ያደርጋቸዋል። አይደሉም። ከመሬት ሥር ወደ ላይ የመጣ ቅልጥ ዓለት ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ሲገናኝ ውሃው በአንዴ እንፋሎት ሆኖ ፈነዳ፤ መሬቱን ቦርቡሮ ያወጣው አመድና ድንጋይ ዙሪያውን ተከምሮ ክብ ጠርዝ ሠራ። እግረኛው የሚሄደው በዚያ ጠርዝ ላይ ነው። ለመንገድ ተብሎ የተቆረጠ ገደል ካገኙ ጠጋ ብለው ይመልከቱት። ግራጫው አመድ ንጣፍ በንጣፍ ተደርድሯል፤ አንዳንዱ ንጣፍ ከጣት አይወፍርም፤ በመሐሉ ጥቁር ድንጋይ ተሰክቶበታል። ድንጋዩ ከሥሩ ያለውን ንጣፍ አጉብጦት ካዩ፣ አመዱ ገና ለስላሳ ሳለ ከሰማይ የወደቀ ነው።

የዚህ ጠርዝ ቁልቁለት ውሃው ጋ ሲደርስ አያበቃም፤ በውሃው ውስጥም ይቀጥላል። የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀት 87 ሜትር ሆኖ ተለክቷል፤ ባቦጋያም 65 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ ሁለት ቢራ ጠጥቶ «ዋና እችላለሁ» እያለ ሸሚዙን የሚያወልቅ ጎረምሳ ሳይ ደሜ ይፈላል። ወንዝ ዳር የለመደው ዓይነት ረግጦ የሚቆምበት ጥልቀት የሌለው ዳር እዚህ የለም፤ ጥቂት እርምጃ ገብቶ መሬት ከእግሩ ሥር ያጣል። መራመድ ያማረው ይራመድ፤ መዋኘት ያማረው ጠባቂ ያለበት መዋኛ ይፈልግ።

አሁን ወደምወደው ጉዳይ ልምጣ። ከኅዳር እስከ ጥር፣ ማለትም ለእግር ጉዞ ከሁሉ በሚመቸው ወቅት፣ አንዳንድ ጊዜ ጠዋት ሐይቁ ዳር የሞተ ቆሮሶ ዓሣ ተንሳፎ ይገኛል። አየሩ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ወዲያው ወሬ ይነሣል፤ «መርዝ ጨመሩበት!» ማን እንደጨመረ በየዓመቱ ይለያያል፤ አንዴ ሎጁ፣ አንዴ እርሻው፣ አንዴ እነ እገሌ። ወደ ቢሾፍቱ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ይህን ወሬ ስሰማ ዝም ማለት አልችልም፤ ረዳቱ ሒሳብ ሰብስቦ ሳይጨርስ ክርክር ውስጥ እገባለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፀሐይ የምታሞቀው የላይኛው ውሃ ስለሚቀል ከላይ ይቀመጣል። የታችኛው ቀዝቃዛና ከባድ ስለሆነ ባለበት ይቀራል። ሁለቱ እንደ ስፕሪስ ጁስ ተደራርበው ይከርማሉ። ሊያማስላቸው የሚችለው ነፋስ ነበር፤ ነፋሱን ደግሞ ያ እኛ የምንሄድበት ጠርዝ ይከልለዋል። በዚህ መሐል ከላይ የሚሞተው አልጌ ወደ ታች ይሰምጣል፤ እዚያ ሲበሰብስ የጥልቁን ኦክስጅን ይጨርሰዋል። ኦክስጅን ባለቀበት ያ የእንቁላል ሽታ ያለው ጋዝ፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ፣ ይጠራቀማል። ይህ ሁሉ ሲሆን ላይ ላዩን ሐይቁ ሰላም ነው፤ በረንዳ ላይ ላለው ሰው ምንም አይታየውም።

ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ ሌሊቱ ይበርዳል። ደመና የለም፣ አየሩ ደረቅ ነው፤ ውሃው በትነትም፣ ሙቀቱን ወደ ሰማይ በመልቀቅም ይቀዘቅዛል። በላይኛውና በታችኛው ውሃ መካከል የነበረው ልዩነት መጀመሪያም ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። ያ ሲጠፋ ትንሽ ነፋስ ይበቃል፤ ከላይ የነበረው ይወርዳል፣ ከታች የነበረው ይወጣል። ኦክስጅን የሌለው ውሃ ሽቅብ ሲመጣ ዓሣው መተንፈሻ ያጣል። አዲስ ምሥጢርም አይደለም፤ ፕሮሰር፣ ውድና ባክስተር የተባሉ ተመራማሪዎች የእነዚህን ሐይቆች ጥልቀትና የውሃ ይዘት መርምረው እ.ኤ.አ. በ1968፣ የሙቀታቸውን ወቅታዊ መለዋወጥ ደግሞ በ1976 አሳትመዋል።

አንድ የታኅሣሥ ማለዳ ባቦጋያ ዳር መረባቸውን የሚሰበስቡ ሽማግሌ አገኘሁ። ዓሦቹ አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ።

«አባባ፣ መርዝ ነው ይላሉ እኮ» አልኳቸው፤ የሚሉትን ለመስማት።

«መርዝ ቢሆን ዓሣውን የሚለቅመው ወፍ ይተርፍ ነበር? ሌሊት ብርዱን አላየሽውም እንዴ ልጄ? ውሃውም በርዶት ነው።»

እኔ በሦስት አንቀጽ ያልኩትን ጨረሱት። እርግጥ ዓሣ የሞተ ሁሉ በዚህ ምክንያት ሞተ ማለት አይደለም። ከሰው ወደ ሐይቁ የሚገባ ፍሳሽም ነገሩን ያባብሰዋል፤ ፍሳሹ አልጌውን ያፋፋዋል፣ አልጌው በበዛ ቁጥር የሚበሰብሰው ይበዛል። ብቻ ሽታው ቢያጋጥምዎ አፍንጫዎን ይዘው ወደ ሚኒባሱ አይሩጡ። የታችኛው ውሃ ወደ ላይ ሲወጣ በዓይንዎ የሚያዩበት ጊዜ ነውና ትንሽ ቆም ይበሉ።

ከባቦጋያ ተሻግረው የሚወርዱበት ሆራ ሁለት አፎች ተገናኝተው አንድ የሆኑበት ሐይቅ ነው፤ ቅርጹ ከላይ ሲያዩት ያስታውቃል። ከመስቀል በኋላ ኢሬቻ የሚከበርበት ሆራ አርሰዲ እዚህ ነው፤ ዳሩ ላይ ያለው ዛፍም ሣርም የሰው ክብር አለበትና ካርታ መጫወቻ አያድርጉት። ከከተማው በስተደቡብ ያለው አረንጓዴ ሐይቅ ራቅ ስለሚል ባጃጅ መኮናተር ይጠይቃል። ቀለሙ ስፒሩሊና ከሚባለው ደቃቅ ፍጥረት የመጣ ነው፤ ዕድል ከቀና ፍላሚንጎ ይታያል። ኪሎሌ ሐይቅም አንድ ጊዜ እንዲሁ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1989 የሞጆ ወንዝ ተጠልፎ ሲገባበት ውሃው ቀጠነና ስፒሩሊናው ጠፋ። ጨለለቃ ከእነዚህ አይቆጠርም፤ ጥልቀት የለውም፣ በበጋ ይሸሻል፣ የወፍ ወዳጅ ይሂድበት።

አንድ ቅሬታ አለኝ። ባቦጋያ ዙሪያ ብዙው ዳር በሎጅና በግል ግቢ ተይዟል። መንገዱ ድንገት አጥር ይገጥመዋል፣ ከግንብ ጀርባ ለጀርባ ዞሮ እንደገና ውሃው ይታያል። ምልክት የሚባል ነገር የለም፤ ጠይቆ መሄድ ነው፣ የአካባቢው ልጆች ያሳያሉ። እግረኛውም ከወቀሳ አያመልጥም። ስፒከር በትከሻው ተሸክሞ ሐይቅ የሚዞር ሰው ምን ሊሰማ እንደመጣ አይገባኝም፤ የሃይላንድ ፕላስቲኩን ገደል ወደ ታች የሚወረውረው ደግሞ ጭራሽ።

ለመመለስ መናኸሪያው ድረስ በባጃጅ ነው። እሑድ ከ11 ሰዓት በኋላ ወደ አዲስ አበባ የሚመለሰው ሰው ስለሚበዛ ሰልፉ ይረዝማል፣ ታሪፍ የረሳ ረዳትም አይጠፋም። ከተቻለ በሥራ ቀን ይሂዱ፤ ካልሆነ በ9 ሰዓት መናኸሪያ ይገኙ።